ፔጁ ላይ የሞቱት አባባ ዳምያን

ቬልቺ ብሮድ ሁለት ናት። አንዷ መሬት ላይ ያለችው ናት፤ ወንዙ ዳር፣ ግማሽ ቤቷ ጣሪያው የወደቀ፣ ሰዎቿን ከነውሻቸው ብትሰበስብ አንድ አውቶብስ የማትሞላ። ሌላዋ ስልክ ውስጥ ያለችው ናት። እዚያ ሁለት ሺህ ሰው ይኖራል። ስፔን ብርቱካን የሚለቅመው፣ ጣልያን የሰው ሽማግሌ የሚያጥበው፣ ጀርመን ካርቶን የሚደረድረው፣ ሁሉም የቬልቺ ብሮድ ልጅ ነኝ ብሎ በስሟ የተከፈተው ፔጅ ላይ ተኮልኩሏል። ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርሽ የኔ መንደር" እየተባባለ የአበባ ፎቶ ይላላካል። መሬት ላይ ያለችዋን ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

የስልኳን መንደር የሚያስተዳድራት ራዶ ነው። ማን ሾመው? ማንም። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ "በቃኝ" ብሎ ጥሏል። ጀርመንም ሄዶ ነበር፤ ቄራ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሰርቶ "የአሳማ ሽታ አልተስማማኝም" ብሎ ተመለሰ። መንደሩ ውስጥ ስልክ በደንብ የሚነካካ ወጣት እሱ ብቻ ስለቀረ ፔጁ እጁ ላይ ወደቀ። እሱም እንደ ርስት ያዘው።

ፔጁ ላይ ደግሞ ምን እንደሚያዋጣ ቶሎ ገብቶታል። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት፣ ዙሪያው በጥቁር የተሰመረ ወረቀት ይታተምና በሩ ላይ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ አውቶብስ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል። ራዶ ይቺን ወረቀት በስልኩ ያነሳትና ፔጁ ላይ ያወጣታል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። የውሃው ፓምፕ ተበላሸ ብሎ ሲጽፍ ያየው ሰው በጣት ይቆጠራል። አሮጊቷ ቶዶራ የሞተች ለት ግን ሻማው፣ የሚያለቅሰው ፊት፣ "ነፍስ ይማር"ው፣ ስልኩ እንደ ንብ ቀፎ ሲነዝር ዋለ። "ቶዶራ በህይወቷ ይሄን ያህል ሰው ሰላም ብሏት አያውቅም" ብሎ ሳቀ ራዶ።

እንግዲህ ህዳር ገባና ሰው አልሞት አለ።

"ምን ነካቸው ግን?" አለ ራዶ፣ እትዬ ጊና ሱቅ በረንዳ ላይ ቢራውን ይዞ። "ብርዱም ገባ፣ ጉንፋኑም ገባ፣ ሁሉም ጤነኛ ሆነ እኮ!"

እትዬ ጊና የሱቋ ባለቤት ናት፤ ምላሷ ከቢላዋ ይስላል። "አፍህን ዝጋ፣ አንተ ጥንብ አንሳ። አንተን ያስቀድምህ!"

"እኔ ከሞትኩ ማን ይለጥፈኛል?"

ይሄን ሲባባሉ አባባ ዳምያን ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ። አባባ ዳምያን የዱሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ እንደ ስልክ እንጨት የረዘሙ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ነገር የማይወዱ ሽማግሌ። በበጋ፣ እዚያ አገር ሙቀቱ ሲገባ፣ ብስክሌታቸው ዳክዬዎቹ የሚዋኙበት ጭቃ ውስጥ ይዟቸው ገብቶ ነበር። ራዶ እሱን ቪዲዮ አንስቶ፣ የሰርግ አኮርዲዮን ጨምሮበት ለቀቀው። ጎረቤት መንደር ድረስ ተሳቀ። ቄሱ ራሳቸው ሊባርኳቸው መስቀል ዘርግተው ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ራዶን ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

"የሬሳው ጋዜጠኛ እዚህ ነህ?" አሉት።

"አለሁ አባባ። እርሶንም እየጠበቅኩ ነው።"

"ስማ። በሞትኩ ቀን እዚያ ቆሻሻ ሰሌዳህ ላይ ብታወጣኝ፣ ከመቃብር ተነስቼ ነው የማንቅህ።"

"ከሞቱ በኋላ ጉልበቱ ከየት ይመጣል አባባ? አሁንም ብስክሌቷ ናት እኮ የምትነዳዎት!"

በረንዳው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ተንከተከቱ። አባባ ዳምያን ብስክሌታቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የራዶን ቢራ አነሱና ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ላይ ቀስ ብለው፣ አበባ እንደሚያጠጣ ሰው፣ እስከ ጠብታው አፈሰሱት። ዳቦአቸውን ገዝተው ሄዱ። አሁን የተሳቀው በራዶ ነው።

ስልኩ አልሞተም። የጆሮው ድምፅ ብቻ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲደውል መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ነው የሚወራው። ይሄ ነገር ራዶን አበገነው። እቤቱ ገባና ለምሳ የአክስቱን አረቄ እየጠጣ ነገር ሲያውጠነጥን፣ እጁን በላው። የሽማግሌውን ምስል ከመንደሩ በዓል ፎቶ ላይ ቆርጦ አወጣ። ዙሪያውን ጥቁር አደረገው። ከቶዶራ ወረቀት ላይ ቃሉን ቀዳ፦ "በጥልቅ ሀዘን ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ እንገልፃለን። ውድ አባታችንና ጎረቤታችን ዳምያን ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።" ለቀቀው። ሀሳቡ ትንሽ አስለቅሶ፣ "ኧረ ቀልድ ነው፣ ቢራዬን አፍስሰውብኝ ነው" ሊል ነበር። አረቄው ግን ቀደመው። እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

ሲነቃ መሽቶበታል፤ ስልኩ ግሏል።

መቼም የዚያን ለት ያየውን ጉድ አይቶ አያውቅም። በጭቃው ቪዲዮ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት ሁሉ አሁን ያለቅሳሉ። "እንደሳቸው ያለ ሰው አይወለድም።" "ደግነታቸው።" አንዷ ከስፔን፣ "ልጅ ሆነን ለውዛቸውን በእፍኝ ይሰጡን ነበር" ብላለች። ራዶ እሷን ሲያነብ ጮክ ብሎ ሳቀ። አባባ ዳምያን ለሰው ለውዝ ሰጥተው? ከዛፉ ስር ልጅ ሲያዩ ድንጋይ ነበር የሚወረውሩት!

ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ። ስቲልያን ጽፏል።

ስቲልያን የአባባ ዳምያን አንድ ልጅ ነው። ጀርመን ነው ያለው። እናቱ ስትሞት ስራ አልለቀቀኝም ብሎ ቀብሯ ላይ አልመጣም። አባትየው በስልክ "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም" ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ እሱም አልደወለ፣ እሳቸውም አልደወሉ፣ ዓመታት አለፉ። ይሄን መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

አሁን እንዲህ ይላል፦ "አባቴ፣ ሳንታረቅ ሄድክብኝ። ይቅር በለኝ። እመጣለሁ። አፈር የማለብስህ እኔ ነኝ።" ከስሩ ያለው ልብና እንባ ከራዶ ከራሱ ጽሑፍ በልጧል። ራዶ መጀመሪያ ቀናበት፤ እውነት ለመናገር ቀናበት። ከዚያ ነው 'እመጣለሁ' የምትለዋን ቃል ደግሞ ያነበባት።

ወደ ሱቁ ሮጠ። እትዬ ጊና በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ና አንተ ውሻ! ሬሳህ አሁን ክብሪት ገዝቶ ወጣ!"

"እትዬ ጊና፣ ላጠፋው ነው፣ አሁን…"

"ልጄ ከቫሌንሲያ ደውላ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች 'እማ፣ አበባ አስቀምጪልኝ' ትለኛለች። የምን አበባ? ሰውዬው ዳቦሽ አሯል ብሎ ሲጨቃጨቀኝ ነው የዋለው አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'እማዬ አርጅተሻል መሰለኝ፤ ፔጁ ላይ ወጥቷል እኮ!'"

"ምን አሏት ታዲያ?"

"ምን እላታለሁ? በዓይኔ ያየሁትን ብነግራት ሐኪም ጋ ሂጂ አለችኝ!"

ራዶ ሽማግሌው ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ሄዶ መናገር እንዳለበት ገባው። ሄደ። አባባ ዳምያን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ባቄላ ይለቅማሉ።

"አባባ፣ አንድ ነገር አጠፋሁ።"

"መቼ አልምተህ ታውቃለህ?"

"ገደልኩዎት።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። ራዶ ሁሉንም ዘረገፈው። ሳይጨርስ ዱላው መጣ፤ አንዱ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሌላው የምድጃውን ጭስ ማውጫ መታ፣ ጥላሸቱ ሁለቱም ላይ ዘነበ። ራዶ ጠረጴዛው ስር ሆኖ፣ "አጠፋዋለሁ አባባ! አሁን አጠፋዋለሁ! ስቲልያንም አይቶታል፣ ለሱም እጽፍለታለሁ…" ሲል ዱላው አየር ላይ ቆመ።

"ማን አየው?"

"ስቲልያን።"

"ምን አለ?"

ራዶ ከጠረጴዛው ስር ሆኖ አነበበላቸው። እንደገና አንብብ አሉት። አነበበ። ቁጭ አሉ፤ ባቄላው መሬት ላይ ተበትኗል፣ እሱን እንኳ አላዩም።

"እመጣለሁ ነው ያለው?"

"አዎ።"

"ቃል በቃል?"

"'እመጣለሁ' ይላል አባባ። ይኸው።"

"እንዳታጠፋው።"

"እንዴ! አባባ…"

"ብታጠፋው ይቀራል። አውቀዋለሁ፤ እኔን ነው የሚመስለው። ህያው ሆኜ አይመጣልኝም። ሞቼ ከመጣ ይምጣ።" በእጃቸው ጀርባ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ጥላሸቱ ጢማቸው ላይ ተሰመረ። "ከበሩ ከገባ በኋላ ይስደበኝ፣ ይምታኝ። ፊቱን ልየው እንጂ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ራዶ የሟቹ ሎሌ ሆነ። ለጥፋቱ ካሳ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ያመላልሳል። ቀብሩ ሐሙስ ነው ብሎ ጻፈ። አባባ ዳምያን ተዘግቶ የኖረውን የልጃቸውን ክፍል ከፈቱት፤ አልጋውን አናፈሱት፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ጢማቸውን ተላጩ። የዶሮዎቹን አለቃ፣ ያንን ሰው የሚነክስ አውራ ዶሮ፣ አረዱት።

"ስቲልያን እግሩን ነው የሚወደው" አሉ። "ልጅ ሆኖ ሁለቱንም እግር ይበላና እናቱ ክንፍ ይደርሳታል።"

"እርሶስ?"

"እኔ አንገት። ምን ያገባሃል? ፍለጥ!"

ሐሙስ እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዛቸው። "ሲገባ የት ልሁን? ከበሩ ጀርባ ልቁም?"

"ከበሩ ጀርባ ቆመው 'ልጄ' ካሉትማ፣ ቀብሩ የእውነት ይሆናል። የሱ!"

"እና አንተ ቀድመህ ንገረዋ።"

"እኔ ከነገርኩትማ ይገድለኛል።"

"እሱ ይሻላል" አሉ ሽማግሌው፣ ሳቁም። ራዶ ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው የቀረው።

ስቲልያንም መንገድ ጀመረ። ፔጁ ላይ መጀመሪያ ሻንጣውን አወጣ፦ "አባቴን ልሰናበት።" ሁለት ሺው ሕዝብ አለቀሰለት፣ "በርታ ወንድማችን" አለው። ቀጥሎ የአውራ ጎዳና ፎቶ፦ "ኦስትሪያን አለፍኩ። እንቅልፍ የለም።" ራዶ ፎቶ በመጣ ቁጥር እየሮጠ ይወስድላቸዋል። አባባ ዳምያን ስልኩን በክንዳቸው ልክ አርቀው ይይዙትና በሞራ ዓይናቸው ያፈጡበታል። ያንን መንገድ በከባድ መኪና ያልሄዱበት ዘመን የለም፤ "እዚህ ጋ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ቡናው መራራ ነው፣ እዚህ ጋ ፖሊስ ይደበቃል" እያሉ ልጃቸውን ከምድጃው ዳር ሆነው ይነዱታል።

በሶስተኛው ፎቶ ላይ፣ "ሀንጋሪ። አባቴ፣ ትንሽ ጠብቀኝ" ይላል።

"ሀንጋሪ ደረሰ!" አሉ ሽማግሌው። "ነገ ጠዋት እዚህ ነው!"

ራዶ ግን ፎቶውን አፍጥጦ አየው። መንገዱ ግራና ቀኙ ሱፍ አበባ ነው፤ ቢጫው ፈክቶ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና። ህዳር ላይ! እዚህ ውጪ ያለው ባልዲ ውሃው በረዶ ሰርቷል። ፎቶ እየቆረጠ ሰው የገደለ ልጅ ነው ራዶ፤ የሌላውን ቅጥፈት ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለገውም። የበጋ ፎቶ ነው፤ የሆነ ጊዜ ለሽርሽር ሲሄድ ያነሳው።

"ይሄ ቢጫው ምንድነው?" አሉ አባባ ዳምያን ዓይናቸውን እያጨናበሱ።

"መብራት ነው" አለ ራዶ። "የመኪና መብራት። መሽቷል እኮ እዚያ።"

"ቀስ ብሎ ይንዳ በለው። ጻፍለት።"

"ጻፍኩለት።"

አልጻፈም።

ሐሙስ ጠዋት አባባ ዳምያን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዶሮውን ምድጃው ላይ ጥደው፣ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ራዶ ጓሮ እንጨት ክምሩ ጋ እያለ መልዕክት መጣለት። ለብቻው ነው የተላከው።

"ወንድሜ፣ ፔጁን የምትይዘው አንተ አይደለህ? ስራ አልለቀቀኝም። ለሰው ግን ነግሬያለሁ፣ መቅረት አይሆንልኝም። አንድ ነገር ተባበረኝ። ከቀብሩ አንድ ፎቶ አንሳልኝ። ረጅም ሰው ፈልግ፣ ጥቁር ካፖርት ይልበስ፣ ከኋላ ብቻ ይታይ። ፊት እንዳይገባ።"

ራዶ ቆሞ አነበበው። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቱ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ጻፈ፦ "አባትህ አልሞቱም። ቀልዱ የኔ ነው፣ ስደበኝ። በህይወት አሉ፣ መስኮት ላይ ቆመው አንተን እየጠበቁ ነው። ዶሮ አርደውልሃል።"

መልስ የለም። ራዶ አንዱን ግንድ ፈለጠ። ሌላውን ፈለጠ። ስልኩ ጮኸ።

"ምንድነው የምትለው አንተ?" የስቲልያን ድምፅ ጓሮውን ሞላው፤ ያ ቢራ የጠጣ ስልክ ሚስጥር አያውቅም።

"እውነቴን ነው። አሉ።"

ከዚያ ማልቀስ የሚመስል ነገር ተሰማ። ራዶ 'ተመስገን' አለ በልቡ፤ በቃ፣ ይመጣል።

"ደህና ናቸው?" አለ ስቲልያን።

"ደህና ናቸው። ክፍልህን ኖራ ቀቡት። ና እንጂ! ዛሬ ባትደርስ ነገ ትደርሳለህ።"

"እንዴት ብዬ እመጣለሁ?" ድምፁ ተለወጠ። "ገብቶሃል ያደረግከው? ስራ ቦታ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አድርገው ሻማ አብርተውልኛል። አለቃዬ አቅፎኝ አልቅሷል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ነው የሚያውቀው። አሁን ምን ልበላቸው? አባቴ አልሞተም፣ እኔም አልሄድኩም ልበል?"

"አዎ፣ በላ!"

"ማን ነኝ ብዬ ነው ከዚያ በኋላ ፊቴን የማሳየው? የእናቴም ጊዜ ስንት ተባልኩ። አሁን ገና ሰው 'ለአባቱ ልጅ ሆነ' ብሎ አፉን ዘጋልኝ።"

"የሀንጋሪው ፎቶ የበጋ ነው አይደል?" አለ ራዶ፣ ንዴቱ አምልጦት። "ሱፍ አበባው!"

"አንተ ነህ የምትፈርድብኝ? አንተ? የገደልካቸው አንተ!"

ራዶ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው።

"ስማኝ ወንድሜ" አለ ስቲልያን፣ አሁን ለስለስ ብሎ። "ትንሽ ጊዜ ነው። እንዲሁ ይቆይ። በጋ ላይ እመጣለሁ፣ ራሴ አናግራቸዋለሁ። ለአሁኑ ሞተው ይቆዩ። ያችን ፎቶ ብቻ ላክልኝ። እባክህ።"

ተዘጋ።

ራዶ ሲዞር አባባ ዳምያን በጓሮው በር ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አያውቅም። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

"አባባ…"

"ድምፁ ወፍሯል" አሉ። "ሲጋራ ያጨሳል መሰለኝ።"

"አባባ፣ ልደውልለትና ራስዎ ያናግሩት። ሲሰማዎት…"

"ሰማሁት እኮ።" ዞረው ወደ መንገዱ አዩ፤ ምንም አልነበረም፣ አንድ ውሻ ብቻ። "ምን አይነት ፎቶ ነው ያለህ?"

"ይተዉት እሱን!"

"ረጅም ሰው ነው ያለው። ማን አለ እዚህ ረጅም?"

ራዶ ገባው። "አላደርገውም" አለ። "ቢፈልጉ ይደብድቡኝ፣ አላደርገውም። አሁን ፔጁ ላይ እውነቱን አወጣለሁ፣ እኔም ልሰደብ፣ እሱም ይዋረድ!"

"ልጄን?" አሉ ሽማግሌው፣ ዱላቸውን ሳያነሱ፣ ድምፃቸውንም ሳያነሱ። "ልጄን በሁለት ሺህ ሰው ፊት ውሸታም ልታስብለው? አንዴ እኔ በስልክ አዋርጄው ስንት ዓመት እንደቀጣኝ አላየህም? አሁን ደግሞ አንተ ጨምርበት? ተነስ። ዶማውን ያዝ።"

መቃብሩ ከመንደሩ በላይ ነው። እዚያ አገር ባል ወይ ሚስት ሲሞት ድንጋዩ ላይ የሁለቱንም ስም አንድ ላይ ማስቀረፅ ልማድ ነው፤ ለቀሪው የሞቱ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ክፍት ይተውለታል። የአባባ ዳምያንም ስም ከሚስታቸው ጎን ተቀርፆ ከርሟል፤ ፎቶአቸውም አለ፣ ጢማቸው ጥቁር ሆኖ። ሚስቲቱ ፈገግ ብላለች፤ እሳቸው ያን ጊዜም ነገር የፈለጋቸው ይመስላሉ።

"አዲስ አፈር ያስፈልጋል" አሉ።

ራዶ ዶማውን አልነሳም አለ። ሽማግሌው ራሳቸው አነሱና ስማቸው ካለበት ድንጋይ ፊት መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርገው፣ አፈሩን ከመሩት። መሬቱ በብርድ ደርቋል፤ አለከለካቸው። ሻማ ተከሉበት። ከሱቁ እትዬ ጊና ለልጇ ብላ ያዘጋጀችውን አበባ ራዶን ልከው አስመጥተው ነበር፤ እሱንም አስቀመጡበት። ከዚያ ጀርባቸውን ለራዶ ሰጥተው ቆሙ።

ራዶ ስልኩን አነሳ። አንዴ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ ደግሞ አፉ አያርፍም፤ አመሉ ነው። "ትንሽ ወደ ቀኝ አባባ… ባርኔጣውን ያውልቁት… አይ፣ ይልበሱት፣ ሽበቱ ይታያል።"

"እንዲህ?"

"ጎብጠዋል።" ስልኩን ዝቅ አደረገ። "ስቲልያን አልጎበጠም እኮ።"

አባባ ዳምያን ቀጥ አሉ። ጀርባቸው ሲንቋቋ ራዶ ጋ ድረስ ተሰማ። ትከሻቸውን ነፉ፣ አንገታቸውን አቀኑ፣ ዱላቸውን ሳር ውስጥ ጣሉት። ከኋላ ሲታዩ የሆነ ከሩቅ የመጣ፣ ደህና የበላ፣ ወጣት ጎልማሳ ሰው መሰሉ።

"ቶሎ በል" አሉ ሳይዞሩ። "ብዙ አልቆይልህም።"

አነሳ።

ከሰዓት በኋላ ስቲልያን ፎቶውን አወጣው። "አባቴን በእጄ አፈር አለበስኩት። አሁን ሰላም አለኝ።" በፔጁ ታሪክ እንደዚያ የተወደደ ነገር የለም። ራዶና አባባ ዳምያን ምድጃው ዳር ቁጭ ብለው ዶሮውን ይበላሉ፤ ሽማግሌው አንገቱን፣ እግሮቹ ሳህኑ ላይ እንዳሉ።

"ምን ይላሉ?" አሉ።

"እግዜር ያጽናህ ይላሉ። እንደዚህ ያለ ልጅ ይወለድልን ይላሉ።"

"ሌላስ?"

ራዶ አንዷን አይቶ ሊያልፋት ነበር። "አንዷ ደሞ… 'ከኋላው ልክ አባቱን ይመስላል' ትላለች።"

አባባ ዳምያን ማኘክ አቆሙ። ቆይተው እንደገና ማኘክ ጀመሩ።

"እሱስ ምን አለህ?"

"አመሰግናለሁ አለ።"

"ለኔም?"

ራዶ ስልኩን አየ። "አዎ" አለ። "ለርሶም።"

በኋላ ራዶ ሁሉንም ላጥፋው ብሎ ስንቴ ለመናቸው፤ "በጋ ይምጣ፣ ራሱ ይናገር" ነው መልሳቸው። በጋ መጣ፤ ስቲልያን ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ከነቤተሰቡ የተነሳውን ፎቶ አወጣ። በጋው ሄደ። አባባ ዳምያንም ሞተው ቀሩ። ጡረታቸውን ይበላሉ፣ ባቄላቸውን ይዘራሉ፣ ድንጋዩ ፊት የከመሩት አፈር ላይ ሳር በቅሎበታል። መሬት ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሰላም ይሏቸዋል፤ እነሱ ስልክ የላቸውም።

አንድ ቀን ራዶ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ አባባ ዳምያን ዳቦ ሊገዙ ገቡ። ገና እጃቸውን ሲዘረጉ የእትዬ ጊና ስልክ ጮኸ፤ ባንኮኒው ላይ ካለው ጣሳ አስደግፋ አበራችው። ልጇ ናት፣ በቪዲዮ፣ ከቫሌንሲያ። ሽማግሌው ማንም ሳይነግራቸው፣ እንደለመደ ሰው፣ ዳቦዋን ደረታቸው ላይ ይዘው ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ሸርተት አሉ። ረጅም ናቸው፤ ጆንያው አልሸፈናቸውም። ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ወገባቸውን አጠፉ፣ አንገታቸውን ቀበሩ።

"እማ፣ ማነው እዚያ ኋላ?"

"ማንም። ራዶ ነው" አለች እትዬ ጊና። ፊቷን አዙራ እንደ ምላሷ የተሳለውን ቢላዋ አነሳችና፣ የምትቆርጠው ነገር ሳይኖር፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ራዶ ቶሎ ብሎ ገባና ከጆንያው ፊት ቆመ። እጁን አውለበለበ።

"ራዶዬ! ምነው ፔጁ ጭር አለ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አለ ራዶ።

"በል እሺ። እማ ስሚኝማ፣ የአከራዬን ነገር አልነገርኩሽም…"

ከኋላው የሽማግሌው ትንፋሽ ይሰማዋል። አንዱ ጉልበታቸው ተንቋቋ፤ በእጃቸው የራዶን ጃኬት ጫፍ ያዙ እንዳይወድቁ። ራዶ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ትከሻውን አስፍቶ ቆመላቸው። ልጅቷ ደግሞ ወሬዋ አያልቅም።